የወረደ ጡት በትልቅ ሲሊኮን አይነሳም

ጓደኛዬ ከሐኪም ቤት እንደወጣች የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ድምጿ ጥሩ አልነበረም። ሃያዎቹ ውስጥ እያለች ጡቷን ለማሳደግ ኢምፕላንት፣ ማለትም የሲሊኮን ከረጢት፣ አስገብታ ነበር። ከዚያ ሁለት ልጆች ወለደች፤ ሁለቱንም አጠባች። ትንሹ ልጇ ጡት ከጣለ በኋላ መስታወት ፊት ስትቆም የምታየው ደረት የምታውቀው አልሆነም። ሲሊኮኑ ከላይ እንደተቀመጠ ነው። የራሷ ጡት ግን ተንሸራቶ ከሲሊኮኑ በታች ተንጠልጥሏል። ሐኪሙ አየት አደረገና «ቀላል ነው፣ ከፍ ባለ ሳይዝ እንቀይረውና ይሞላል» አላት። ምክክሩ ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

ያንን መልእክት ከሰማሁ ጀምሮ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሐኪም አይደለሁም። ግን ከእሷ ጋር ብዙ አነበብኩ፤ ሌሎች ሁለት ሐኪሞች ጋር ስትሄድም አብሬያት ቁጭ ብዬ ሰማሁ። አቋሜን ከመነሻው ልናገር። የወረደ ጡት ውስጥ ተለቅ ያለ ኢምፕላንት መክተት ብዙ እናቶችን ለሌላ ቀዶ ሕክምና ያዘጋጃቸዋል። ስለ ሳይዝ ከመነጋገር በፊት «ለመሆኑ ኢምፕላንቱን አሁንም ትፈልጊዋለሽ?» ተብለው ሊጠየቁ ይገባል። ጓደኛዬን ያን ቀን ይህን የጠየቃት አልነበረም።

መጀመሪያ ጡት ለምን ይወርዳል? ጡት ውስጥ ጡንቻ የለም። ያለው ወተት የሚሠራ እጢ፣ ስብ እና እነሱን ደግፎ የሚይዝ ስስ ጅማት ነው። እነዚህ ጅማቶች እስከ ዛሬ የሚጠሩት በ1840 በጻፈላቸው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም በአስትሊ ኩፐር ስም ነው። በእርግዝና ጊዜ እጢው ያብጣል፣ ቆዳው ይለጠጣል። በኋላ እጢው ይሟሽሻል። ቆዳውና ጅማቱ ግን እንደ በፊቱ አይሰበሰቡም። ኢምፕላንት ያላት ሴት ላይ ደግሞ ሌላ ሸክም አለ። 400 ሲሲ (ሚሊ ሊትር) ሲሊኮን ወደ 400 ግራም ይመዝናል፤ ያውም በአንድ በኩል ብቻ። ይህ ክብደት ሌት ተቀን፣ ዓመት ከዓመት ቆዳውን ይስባል፤ ከላዩ ያለውን ሥጋም እያሳሳ ይሄዳል። ስፖርትና ክሬም ይህን አይመልሱም። ስፖርት ከጡት ስር ያለውን የደረት ጡንቻ ያጠነክራል፤ ጡቱን ግን አያነሳም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በጣም የሚያናድደኝ ነገር አለ። እናቶች «ጡቴን ያበላሸሁት በማጥባቴ ነው» ሲሉ እሰማለሁ። ሰውም ይላቸዋል። በአሜሪካ የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ለጡት የውበት ቀዶ ሕክምና የመጡ ሴቶችን አጥንተው ውጤቱን በ2008 አሳትመዋል። ከጡት መውረድ ጋር ተያይዘው የተገኙት ዕድሜ፣ የእርግዝና ብዛት፣ የሰውነት ክብደት፣ ሲጋራ ማጨስ እና ከእርግዝና በፊት የነበረው የጡት ትልቅነት ናቸው። ማጥባት እዚያ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ያጠባችውም ያላጠባችውም እርግዝናው ራሱ ለውጧቸዋል። ስለዚህ እባካችሁ፣ አንዲት እናት ልጇን ስላጠባች ራሷን እንድትወቅስ አታድርጓት። ጓደኛዬ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ብላ ስታስብ ነበር።

አሁን ወደ መስታወቱ እንመለስ። «ወረደ» የሚለው አንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይደብቃል። አንደኛው የጓደኛዬ ዓይነት ነው፤ ኢምፕላንቱ ከላይ ይቀራል፣ ጡቱ ከእሱ ላይ ይፈሳል። ቀዶ ሐኪሞች ይህን መልክ «ፏፏቴ» ይሉታል። ሁለተኛው ተቃራኒው ነው። ኢምፕላንቱ ራሱ ከጡት ስር ያለውን እጥፋት አልፎ ወደ ታች ይሰምጣል፤ የጡት ጫፍ ደግሞ ሽቅብ ማየት ይጀምራል። ለመጀመሪያው የጡት ማንሳት ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። ለሁለተኛው ደግሞ ኢምፕላንቱ የተቀመጠበት ኪስ ከስር ተሰፍቶ ይጠብባል፤ አንዳንዴም መደገፊያ መረብ ይታከልበታል። ሐኪምሽ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሳይነግርሽ ስለ ሳይዝ ካወራ፣ ገና በደንብ አልመረመረሽም ማለት ነው።

መለኪያውም ምስጢር አይደለም። የጡት ጫፍ ከስር ካለው እጥፋት አንጻር የት ነው? ከእጥፋቱ ጋር እኩል ከሆነ መውረዱ ቀላል ነው። ከእጥፋቱ በታች ከሆነ መካከለኛ። ወደ መሬት የሚያይ ከሆነ ከባድ። የጡት ጫፍ ከእጥፋቱ በላይ ሆኖ ጡቱ ባዶ ብቻ ከሆነ፣ አዎ፣ ኢምፕላንቱን መቀየር ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ይህን አልክድም። ነገር ግን ኢምፕላንት ይሞላል እንጂ አያነሳም። የጡት ጫፉን ከወረደበት ወደ ላይ የሚመልሰው ቆዳውን ቆርጦ መቀነስና ጡቱን እንደገና መቅረጽ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ትልቅ ሲሊኮን ሲገባ ለጥቂት ወራት ሞልቶ ያምራል። ከዚያ አንዴ የረገበ ቆዳ ከበፊቱ የበለጠ ክብደት ተሸክሞ፣ ከበፊቱ በበለጠ ፍጥነት ይወርዳል።

ለምን ታዲያ ትልቅ ሲሊኮን ቶሎ ይቀርባል? እኔ እንደሚመስለኝ ጠባሳ ስለሌለው ነው። በድሮው ቁስል ገብቶ በድሮው ቁስል መውጣት ለሐኪሙም ቀላል፣ ለታካሚዋም የሚያጓጓ ነው። ጡት ማንሳት ግን ጠባሳ አለው፤ ያለ ጠባሳ የለም። ቀለል ላለው በጡት ጫፍ ዙሪያ ባለው ጠቆር ያለ ክብ ጠርዝ ይቆረጣል። ለመካከለኛው ከክቡ ወደ ታች አንድ መስመር ይጨመራል። ለከባዱ ደግሞ ከጡት ስር ባለው እጥፋት ላይም አግድም መስመር ይኖራል፤ መልህቅ ይመስላል። በጣም ለወረደ ጡት «በክቡ ዙሪያ ብቻ ቆርጬ አነሳልሻለሁ» የሚል ሰው ካጋጠመሽ ቆም በይ። ቆዳው ከአቅሙ በላይ ሲሳብ ክቡ ይሰፋል፤ ጡቱም ፊቱ ጠፍጣፋ ይሆናል። ጠባሳው መጀመሪያ ቀይ ወይም ጠቆር ብሎ ይታያል። እየበሰለ፣ እየሳሳ የሚሄደው በዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። ጠባሳዋ የሚያብጥ ወይም ከቁስሉ አልፎ የሚያድግ ሴት ይህን አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር። ጥቁር ቆዳ ባለን ሴቶች ላይ ይህ በብዛት ይታያል፤ ችላ ሊባል አይገባም።

ኢምፕላንት ይዘሽ መቀጠል ትፈልጊያለሽ እንበል። መብትሽ ነው። ሲሊኮኑ የሰውነቷ አካል ሆኖ የሚሰማት፣ የምትወደው ሴት አለች፤ ማንም ሊፈርድባት አይችልም። እንግዲያውስ ምክንያታዊው መንገድ በአብዛኛው አነስ ወዳለ ኢምፕላንት ቀይሮ ጡቱን አብሮ ማንሳት ነው። ግን ይህ በፕላስቲክ ሰርጀሪ ውስጥ ከባድ ከሚባሉት ሥራዎች አንዱ መሆኑን እወቂ። ሁለቱ እርስ በርስ ይጣላሉ፤ አንዱ ቆዳውን ያጠብባል፣ ሌላው ያንኑ ቆዳ ከውስጥ ይገፋዋል። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና የተወሰኑ የደም ሥሮችን ቀድሞ ቆርጧል። ለጡት ጫፍ የሚደርሰው ደም ከቀነሰ ቁስሉ ሊከፈት፣ በከፋ ሁኔታም የጡት ጫፉ ሥጋ ሊሞት ይችላል። ስሜት ሊቀንስ ወይም ሊጠፋ ይችላል። ለዚህ ነው ጥንቁቅ ሐኪም የድሮውን የቀዶ ሕክምና ወረቀት የሚጠይቅሽ፦ በየት ተቆረጠ፣ ከጡንቻ በላይ ነው በታች፣ ስንት ሲሲ። አንዳንዴም «ዛሬ እናንሳ፣ ኢምፕላንቱን ከወራት በኋላ» ይላል። ሁለት ጊዜ ለቀዶ ሕክምና መተኛት ያስመርራል። ግን ሁሉን በአንዴ ልጨርስ ብሎ ቸኩሎ ከመበላሸት ይሻላል።

በምክክር ጊዜ በቂ ቦታ የማይሰጠው ሌላው መንገድ ማውጣት ነው። የእኔ ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ኢምፕላንት የዕድሜ ልክ ዕቃ አይደለም። የመጀመሪያው የሲሊኮን ኢምፕላንት ለአንዲት ሴት የገባው በ1962 በቴክሳስ ሂውስተን ነው። ዛሬም ድረስ ለዘላለም የሚቆይ አልተሠራም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ሲሊኮን ያላቸው ሴቶች ከገባላቸው ከ5 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ እንዲታዩ፣ ከዚያም በየ2 እስከ 3 ዓመቱ እንዲደግሙ ይመክራል። ምልክት ሳይሰጥ ሊቀደድ ስለሚችል ነው። ሰውነት በዙሪያው የሚሠራው የጠባሳ ሽፋን፣ ካፕሱል የሚባለው፣ ሊጠነክርና ጡቱን ሊያሳምም ይችላል። እንግዲህ ቁጠሪው። በ35 ዓመቷ አዲስ ኢምፕላንት የምታስገባ እናት አንድ ቀን እንደገና መተኛቷ አይቀርም፤ ምናልባትም ከአንድ ጊዜ በላይ። ሕፃን ላላት ሴት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከእንዲህ ዓይነት ቀዶ ሕክምና በኋላ ለሳምንታት ከባድ ነገር አታነሺ ይባላል። አሥራ ሁለት ኪሎ የሚመዝን ልጅ እጁን ዘርግቶ «እማ፣ እቀፊኝ» ሲል ምን ትመልሺለታለሽ?

ማውጣትም ዓይነቱ ብዙ ነው። አንደኛው ኢምፕላንቱን ማውጣት ብቻ ነው። ኢምፕላንቱ ትንሽ፣ ቆዳውም ጥሩ ከሆነ ጡቱ በወራት ውስጥ ራሱን ይሰበስባል። መጀመሪያ ላይ ባዶና የተጨማደደ ይመስላል፤ ብዙ ሴቶች ያኔ ይደነግጣሉ። ስለዚህ ማንሳቱን ከወራት በኋላ አይቶ መወሰን ይቻላል። አውጥቶ ወዲያው ማንሳትም አለ። ጎበዝ ሐኪም ከስር የተንጠለጠለውን የራስሽን ሥጋ አጥፎ ወደ ላይ ያደርገውና ባዶ የሆነውን ላይኛውን ክፍል ይሞላበታል። ጡትሽ ያነሰ ይሆናል። ግን ያንቺ ነው፤ ክብደቱም ይቀላል። ሌላው ከሆድ ወይም ከጭን የተወሰደ ስብ መጨመር ነው። ይህ ለስላሳ ሙላት ይሰጣል፤ ነገር ግን ከገባው ስብ ጥሩ ድርሻው በሰውነት ተመጥጦ ይጠፋል፤ መድገም ሊያስፈልግ ይችላል። አንዳንዴ ትናንሽ ጠጣር እብጠት ይተዋል። ስለዚህ ወደፊት ማሞግራም (የጡት ራጅ) ስትነሺ ስብ እንደገባልሽ ተናገሪ።

ስለ ማውጣት ሲነሳ ኢንተርኔት ላይ አንድ ፍርሃት ይሽከረከራል፤ ካፕሱሉ ሳይከፈት፣ እንዳለ ተጠቅልሎ መውጣት አለበት የሚል። ካንሰር ሲገኝ ወይም ሲጠረጠር እውነት ነው። ለሌላው ሁሉ ግን ግዴታ አይደለም። ካፕሱሉ የጎድን አጥንት ላይ የተጣበቀ ሲሆን በግድ መላጥ ደም መፍሰስንና ሳንባን የመጉዳት አደጋን ያመጣል። መታወቅ ያለበት የኢምፕላንቱ ዓይነት ነው። ገጹ ሸካራ የሆነ ኢምፕላንት በካፕሱሉ ውስጥ ከሚነሳ ብርቅ የሊምፎማ (የካንሰር) ዓይነት ጋር ተያይዟል። በዚህ ምክንያት አለርጋን የተባለው ኩባንያ ባዮሴል የሚባሉ ምርቶቹን በ2019 ከገበያ ሰብስቧል። ምልክት ለሌላት ሴት ባለሥልጣኑ «አስወጪ» አላለም። ግን ከዓመታት በኋላ አንዱ ጡት በድንገት ካበጠ ወይም እብጠት ከዳሰስሽ፣ ቀን ሳትቆጥሪ ሐኪም ጋ ሂጂ። በወሊድና በሥራ መሃል የጠፋብሽን፣ የኢምፕላንትሽ ዓይነት የተጻፈበትን ካርድ ፈልጊው።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ሌላ ልጅ ካሰብሽ ቆይ፤ ቀጣዩ እርግዝና የተሠራውን ሊያፈርሰው ይችላል። ማጥባት ካቆምሽም ቢያንስ ከ3 እስከ 6 ወር ጠብቂ። ክብደትሽ ይርጋ። ሲጋራ የምታጨሺ ከሆነ ከሳምንታት በፊት አቁሚ፤ ኒኮቲን የደም ሥርን ያጠብባል፣ የጡት ጫፍ ደግሞ ደም በጣም ይፈልጋል።

ምንም አለማድረግም አለ። ጥሩ የሚይዝ ጡት ማስያዣ፣ ሲደርስ ምርመራ፣ በቃ። የወረደ ጡት በሽታ አይደለም።

ጓደኛዬ ወደ መጀመሪያው ሐኪም አልተመለሰችም። ሦስተኛው ሐኪም አንድ ሰዓት ሙሉ አስቀመጣት፤ ጡቷን ለካ፤ የድሮውን ወረቀት አነበበ፤ የሌሎች ታካሚዎቹን ጠባሳ ከዓመት በኋላ የተነሳ ፎቶ አሳየን። ከዚያ «ኢምፕላንት ሳይኖርሽ ራስሽን ስታስቢ ምን ይሰማሻል?» ብሎ ጠየቃት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ቀስ ብላ «ቀለል ይለኛል» አለችው። ለማስወጣትና በራሷ ሥጋ ለማስነሳት ወስናለች። ቀኑን ግን ገፋ አድርጋዋለች፤ ትንሹ ልጇ ያለ እሷ እርዳታ አልጋው ላይ መውጣት እስኪለምድ።