ችካል ሳይተከል ተናገሩ

ወገኖቼ፣ መንገድ ሲባል እጃችን ለጭብጨባ ይቸኩላል። አንድ ባለሥልጣን መድረክ ላይ ወጥቶ «በዚህ ሸለቆ አዲስ የፍጥነት መንገድ ያልፋል» ሲለን፣ «በየት በኩል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከመካከላችን አይነሣም። ከተሜው ሐዋሳ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ ያሰላል። ደላላው ማሳለጫው የት እንደሚያርፍ ያነፈንፋል። ገበሬው ደግሞ ቀያሹ መጥቶ ማሳው መሃል ችካል እስኪተክልበት ድረስ ነገሩ የጎረቤት ወረዳ ወሬ ይመስለዋል። ችካሉ ከተተከለ በኋላ ሁላችንም ድምፅ እናወጣለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

መንገድ አይሠራ አላልኩም። አሮጌው የሞጆ–ሐዋሳ አስፋልት ላይ ተሳቢው፣ አይሱዙው፣ ባጃጁና የአህያ ጋሪው በአንድ ጠባብ መስመር ሲተራመሱ መቂ ወይም ባቱ መሃል የተገኘ ሰው አዲስ መንገድ ለምን እንዳስፈለገ አስረጂ አያሻውም። ከካይሮ ተነሥቶ ኬፕታውን ይደርሳል የተባለው የአፍሪካ አውራ ጎዳናም በእኛ በኩል የሚያልፈው በዚሁ በስምጥ ሸለቆ ወደ ሞያሌ ወርዶ ነው። 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የሞጆ–ሐዋሳ የፍጥነት መንገድ በአራት ክፍል ተሸንሽኖ፣ የአፍሪካ ልማት ባንክ፣ ኮሪያ፣ የዓለም ባንክና ቻይና ገንዘብ አቅርበውበት፣ ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው መኪና እየተመላለሰበት ይገኛል። መልካም። የምወቅሰው መንገዱን ሳይሆን እኛን ነው፤ መንገድ ከመምጣቱ በፊት ዝም የምንለውን፣ ከመጣ በኋላ ደግሞ የምንሻማውን።

መሐንዲስ ሸለቆ የሚወደው ያለ ምክንያት አይደለም። የፍጥነት መንገድ ሹል ኩርባና ቀጥ ያለ ዳገት አይችልም። ተራራው ጥግ ከሄደ ብዙ ይቆረጣል፣ ብዙ ይሞላል፣ በየወንዙ ድልድይ ይጠይቃል። ሸለቆው ወለል ላይ ከሄደ ግን ሜዳው ዝግጁ ነው፤ የአንድ ኪሎ ሜትር ወጪ ይወርዳል፣ የግንባታው ጊዜም ያጥራል። ችግሩ ያንን ማሳ ማሳ ያደረገውም ይኸው ሜዳነቱ መሆኑ ነው። የመቂ ወንዝ ከምዕራብ፣ የከታር ወንዝ ከምሥራቅ ወርደው ዝዋይ ሐይቅ የሚተኙበት፣ ደለል የሚከማችበት፣ በፓምፕ ውሃ ስቦ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ የሚመረትበት አፈር እዚያው ነው። ስለዚህ ወረቀት ላይ በጣም ርካሽ የሚመስለው መስመር ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው ሀገሪቱ ባላት በጣም ውድ አፈር ላይ ይሆናል። ይህን ለማድረግ ማንም ማሴር አያስፈልገውም። መሬት በሀገራችን አይሸጥም አይለወጥም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ይላል። ዋጋ የሌለው ነገር ደግሞ በመሐንዲሱ ስሌት ውስጥ የሚገባው በካሳ ልክ ብቻ ነው። የአስፋልቱ፣ የሲሚንቶው፣ የነዳጁ ዋጋ እስከ ሳንቲሙ ሲሰላ፣ ከዛሬ ሠላሳ ዓመት በኋላ ያ ማሳ ያበቅለው የነበረው ሽንኩርት በየትኛውም ሰንጠረዥ አይገኝም። እናንተ ካልተናገራችሁ ማን ይናገርለታል?

ካሳ ካልን ደግሞ እንተማመን። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ለዘለቄታው የሚነሣ ገበሬ የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሳ በ5 ዓመት አማካይ ገቢው ተሰልቶ በ10 ይባዛ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህን አሻሽሎ፣ ምትክ መሬት ለማያገኘው ሰው ባለፉት 3 ዓመታት ያገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ይባዛ አለ። ከመነሣቱም ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ሰውየው እንዲወያይበት ደነገገ። ከቀድሞው ይሻላል። ግን አንተ ወንድሜ፣ ገቢህን በምን ታስረዳለህ? ነጋዴው አይሱዙውን ማሳህ ዳር አቁሞ፣ ጥሬ ብር ቆጥሮልህ፣ ሽንኩርቱን ጭኖ ሲሄድ በመካከላችሁ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አልተጻፈችም። ገማቾቹ ሲመጡ የሚይዙት የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የመዘገበውን አማካይ ምርትና የገበያ ዋጋ ነው። የሽንኩርት ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ሰማይ ነክቶ እንደሚወርድ አንተ ታውቃለህ፤ ሰንጠረዡ አያውቅም። «ከፍተኛው ገቢ» የሚለው የሕጉ ቃል ማስረጃ ለያዘ ሰው ነው የሚሠራው። በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በኩል ብታስረክብ የማስረከቢያ ወረቀት ይኖርህ ነበር። ልጅህ ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ በደብተሩ ጀርባ ቀንና ኪሎ ይጻፍልህ።

አንቺም እህቴ፣ በይዞታ ደብተሩ ላይ ስምሽ ካለ የካሳው ብር የሚገባበት የባንክ ሒሳብ ላይም ስምሽ ይግባ። ብሩ በአባወራው ስም ብቻ ገብቶ፣ በከተማ በስድስት ወር አልቆ፣ ሚስትና ልጆች ለቀን ሥራ የወጡበትን ቤት የማያውቅ ቀበሌ የለም። በዚህ ላይ ሽማግሌዎቹ ዝም ማለታቸው እኔን ከመንገዱ ይልቅ ያናድደኛል።

ከሁሉ በላይ የተረሳው ደግሞ መሬት ተከራይቶ የሚያለማው ወጣት ነው። በመቂና በባቱ ዙሪያ ፓምፕ ይዞ፣ ማዳበሪያ በዱቤ ወስዶ፣ ከባለይዞታው ጋር እኩል ተካፍሎ የሚያመርት ልጅ ብዙ ነው። ዛሬ ያለው ሰብል ቢቆጠርለት እንኳ ነገ የሚያርሰው ማሳ በስሙ ስለሌለ ከተነሺዎች መዝገብ ላይ አይገኝም። ባለይዞታው ካሳውን ሲቀበል ይህን ልጅ ባይረሳ ምን ይጎዳዋል?

አሁን ወደማፍርበት ነገር ልምጣ። ችካሉ በተተከለ ማግስት የሚበቅለው የባሕር ዛፍ ችግኝ ከየት መጣ? ትናንት ባዶ የነበረው ሜዳ ላይ ጭቃው ያልደረቀ ጎጆ የቆመው ለማን መኖሪያ ነው? እርስ በርሳችን ስለምንተዋወቅ አንዋሽ። ጎበዝነት መስሏችሁ በሳቅ ታወራላችሁ። የዚህ ጉብዝና ዕዳ መጀመሪያ የሚደርሰው እውነተኛው ባለማሳ ላይ ነው። ገማቹ አንዴ ከተታለለ የሁሉንም ቆጠራ በጥርጣሬ ያያል፤ የሃምሳ ዓመት ማንጎህንም እንደ ማታ ችግኝ ይቆጥርብሃል። ሁለተኛ፣ ወሰን ማስከበሩ ይጓተታል፤ ማሽኑ ቆሞ ይውላል፤ ብድሩ ግን ይወልዳል። ሦስተኛው ይባስ ይላል፦ ሕጉ በ2016 ዓ.ም. ሲሻሻል የካሳውን ወጪ የመሸፈን ኃላፊነት ወደ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች እንዲዞር ተደርጓል። በሐሰት የተቆጠረው ጎጆ የሚከፈለው ለወረዳህ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ይገዛበት ከነበረው ካዝና ነው እንግዲህ።

እናንተ ከተማ የምትኖሩት ደግሞ ይህን ሁሉ ስታነቡ ራሳችሁን የምትነቀንቁ፣ ጣታችሁን ወደ ገበሬው አትቀስሩ። እስቲ ሒሳብ እንሥራ። ለመንገዱ የሚከለለው መሬት ስፋት 90 ሜትር ነው እንበል። በ200 ኪሎ ሜትር ሲባዛ 1,800 ሄክታር ይሆናል። በሀገራችን የአንድ አነስተኛ ገበሬ ይዞታ በአማካይ አንድ ሄክታር ገደማ ስለሆነ፣ ሁሉም ማሳ ባይሆን እንኳ ቀላል ቁጥር አይደለም። አሁን ደግሞ በመንገዱ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ በአጥር፣ በመጋዘንና በ«ሳይት» ተያዘ እንበል። 40,000 ሄክታር። ከአስፋልቱ ከሃያ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ያንን የሚበላው ተቋራጩ አይደለም፤ ሥራ አስኪያጁ፣ ነጋዴው፣ ዶክተሩ፣ ከውጭ ሀገር ዶላር የሚልከው ወንድማችሁ ነው። «ማሳለጫው አጠገብ መሬት አለ፣ ቶሎ ያዝ» የሚል ስልክ ስንቶቻችሁን አጓጉቷል? ሕግ የማይፈቅደውን ሽያጭ በስጦታና በኪራይ ውል ስም የሚያስፈርመው ደላላ ደንበኛው ማን ሆነና?

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከገላን እስከ ቢሾፍቱ አሮጌውም አዲሱም መንገድ በሚያልፍበት ምድር ምን እንደሆነ ተመልከቱ። ማኛ ጤፍ በስሙ የሚጠራበት የአድአ አፈር ነው። ዛሬ በረጃጅም ግንብ ታጥሮ ውስጡ አረም የበቀለበት ቦታ እዚያ ስንት ነው? ፋብሪካ የቆመበት ይሁን፤ ሰው ይሠራበታል። ታጥሮ የሚጠብቀው ግን ዋጋው እስኪወጣ ነው። እናም በወር መጨረሻ ወፍጮ ቤት ስትሰለፉ ጤፍ ለምን ተወደደ ትላላችሁ።

ስለ ውሃም ጥቂት ልበል፤ ይህን የሚያነሣ ሰው ስለማላገኝ። የፍጥነት መንገድ ከፍ ተደርጎ የሚሠራ ግድብ ነው ማለት ይቻላል። ቀድሞ በሜዳው ሁሉ ተበትኖ ይወርድ የነበረው ጎርፍ ግድቡ ጋ ደርሶ ይቆምና በጥቂት ቱቦዎች ብቻ ያልፋል። በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ሲወጣ ጉልበት ያገኛል፤ የስምጥ ሸለቆ አፈር ደግሞ ከእሳተ ገሞራ አመድ የመጣ፣ ልል፣ በቀላሉ የሚሰነጠቅ ነው። በሁለት ክረምት ከቱቦው በታች ያለው ማሳ ቦረቦር ይሆናል፤ ከላይ ያለው ደግሞ ይተኛበታል። ሁለቱም ገበሬዎች «መንገዱ አልነካንም» ተብለው ካሳ ያላገኙ ናቸው። መፍትሔው ግን የማይታወቅ ነገር አይደለም። በትግራይ የመንገድ ጎርፍን ወደ ኩሬ፣ ወደ ጉድጓድና ወደ ማሳ እየመሩ ሠርተውበታል። አፈር የተወሰደበትን ጉድጓድም ሳይደፍኑ በወጉ አስተካክሎ የውሃ ማቆሪያ ማድረግ ይቻላል። በንድፉ ጊዜ ከተጠየቀ ብዙ ወጪ የለውም፤ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚሰማችሁ የለም።

እኔ ብጠየቅ፣ ቀጣዩ መስመር የመስኖ ማሳውን ትቶ በዝናብ ብቻ በሚታረሰው ጠርዝ በኩል ቢሄድ፣ ድልድዩ ቢበዛም፣ አሥር ደቂቃ ቢረዝምም እመርጣለሁ። ይህን ስል ግን ጠርዙ ባዶ ነው ማለቴ አይደለም። እኛ የደጋ ልጆች ከብት የሚሰማራበትን ሁሉ «ባዶ መሬት» የምንል ክፉ ልማድ አለብን። አርብቶ አደሩ ደብተር ስለሌለው የለም ማለት አይደለም። በአጥር የታጠረ መንገድ ለከብት ገደል ነው፤ መሻገሪያው ስምንት ኪሎ ሜትር ከራቀ ላሟ ውሃ ሳትጠጣ ትመለሳለች። የመሻገሪያው ቦታ በአዲስ አበባ ቢሮ ሳይሆን ከብቱን ከሚነዳው ልጅ ጋር መመረጥ አለበት።

ከሐዋሳ በታች ያላችሁ ወገኖቼ፣ ይህን የጻፍኩት በተለይ ለእናንተ ነው። የመቂና የባቱ ሰው ከዚህ በኋላ ያለውን ማትረፍ እንጂ መስመሩን መቀየር አይችልም። አህጉራዊው መስመር ግን መዳረሻው ሞያሌ ነው፤ ሐዋሳ ላይ ይበቃዋል ብላችሁ አትተኙ። በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ጨፍራችኋል፤ እሰየው። እንሰቱ፣ ቡናውና ጥላ ዛፉ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው የበቀሉበት ያ ተዳፋት በሀገራችን ገጠር ሰው በብዛት ከሰፈረባቸው ምድሮች አንዱ ነው። የፍጥነት መንገድ ይምጣ ብላችሁ ከመሰለፋችሁ በፊት፣ በተዳፋቱ ነው ወይስ ወደ አባያ ሐይቅ በሚወርደው ቆላ ነው የሚያልፈው ብላችሁ ጠይቁ። ቆላው ውስጥ ደግሞ የጉጂ ከብት አለ፤ ባለቤቶቹንም ጠይቋቸው።

ጥያቄው የሚቀርበውም የአዋጭነት ጥናት ሲካሄድ ነው። አማካሪ ድርጅቱ የሚያወዳድራቸው ከአንድ በላይ አማራጭ መስመሮች ይኖሩታል። ወደ ቀበሌው ሲመጣ ግን የተመረጠውን ብቻ ይዞ እንዳይመጣ፣ የተጣሉትንም ካርታ ይዘርጋ በሉት፤ ለምን እንደተጣሉም በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም በጌዴኡፋም ያስረዳ። ወንዙን፣ የቀብር ቦታውን፣ የከብት መንገዱን እናንተ በጣታችሁ አሳዩት። ሽማግሌ ብቻ አትላኩ፤ ውሃ የሚቀዱት ሴቶችና መሬት የተከራዩት ልጆች ይገኙ። ስብሰባው ሲያልቅ አንድ ወረቀት ይዞራል። ለአበል ወይም ለመገኘት ማረጋገጫ ነው ተብሎ ነው የሚሰጣችሁ። ያ የስም ዝርዝር «ሕብረተሰቡ ተወያይቶበታል» ለሚለው ምዕራፍ አባሪ ሆኖ ከጥናቱ ጀርባ ይታሰራል። ስለዚህ ቃለ ጉባኤው እዚያው ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ተቃውሟችሁ በውስጡ መጻፉን አረጋግጡ፤ አንድ ቅጂ ቀበሌው ዘንድ ይቅር። ካልተነበበ አትፈርሙ።