እባካችሁ በብርጭቆ ወረቀት አትሹት

አስተያየት የምሰጥበት ጽሑፍ ስለ አንድ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የስኮትላንድ ወታደር ሰይፍ ነው። ጥሩ ነው፣ ግን «ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ ቢያብለጨልጭ ይሻላል» የምትለዋ ምክር አስደነገጠችኝ። በፍጹም እንዳታደርጉት! ብረቱ ላይ ከዘውድ ምልክት በታች የብሪታንያው ንጉሥ ጆርጅ ስም ፊደሎችና የሠሪው ስም ተመትተው ሊሆን ይችላል። ጥልቀት የላቸውም፣ ሁለት ሦስቴ ሲታሹ ድምጥማጣቸው ይጠፋል።

እኔ ኤድንብራ ሙዚየም ውስጥ እንዲህ ያለውን በቅርብ አይቻለሁ። እጅን እንደ ቅርጫት የሚከበው ብረት ከውስጥ በቆዳና በቀይ ጨርቅ ተለብጧል። መያዣው በዓሣ ቆዳ ተሸፍኖ በሽቦ ተጠምጥሟል። ለረጅም ሰዓት ቆሜ ያየሁት እሱን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1746 በንጉሡ ላይ ያመፁት ከተሸነፉበት ከከሎደን ውጊያ በኋላ መንግሥት የስኮትላንድን ደገኞች መሣሪያ ሲያስፈታ፣ ያው ሰይፍ በንጉሡ ሠራዊት ውስጥ ላሉት ደገኞች ግን አልተከለከለም፤ እነ ብላክ ዎች የተባለው የደገኞች ክፍለ ጦር ይዘውት አትላንቲክን ተሻግረው በ1758 ሰሜን አሜሪካ፣ ቲኮንዴሮጋ ምሽግ ላይ ከፈረንሳዮች ጋር ተዋግተዋል።

ሌላው፣ ሰይፉ ላይ «አንድሬያ ፌራራ» የሚል የጣሊያናዊ ሰይፍ ሠሪ ስም ስላለ ብቻ ጣሊያን ሠራው አትበሉ። ስሙ እንደ ጥራት ምልክት ይታተም ነበር፤ ብዙው የተሠራው ጀርመን፣ ዞሊንገን ነው። የኛም አያቶች ጎራዴ ብረቱ ከዚያው ከተማ የመጣ ብዙ አለ። ቤታችሁ ካለ ገልብጣችሁ እዩት።

ለማጽዳት ለስላሳ ጨርቅና ትንሽ የማሽን ዘይት ይበቃል። ቆዳውን ግን ዘይት አታስነኩት።