ያልተማረችበት ፊርማ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ በሙያ ደኅንነት ክፍል ስሠራ፣ አንዲት የባቲ ልጅ በሌሊት ፈረቃ ጣቷን ማሽን ያዘው። የተጠላለፈ ክር ለማውጣት ማሽኑን ሳታጠፋ እጇን ስትሰድ ነው። የመካከለኛ ጣቷ ጫፍ አልተረፈም። በማግስቱ አለቃዬ ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀኝ «ሥልጠና ወስዳለች?» ብሎ ነው። ፋይሉን ገለጥኩ፤ ስሟ አለ፣ ፊርማም አለ። አለቃዬ እፎይ አለ። ሥልጠናውን የሰጠሁት ግን እኔው ነኝ፤ በጠራራ ፀሐይ ነበር፣ እሷ ደግሞ በዚያ ሳምንት የሌሊት ተረኛ ስለነበረች ቤቷ ተኝታለች። ዝርዝሩ ጎዶሎ እንዳይሆን የፈረቃ ኃላፊዋ ፈርሞላታል። ስሟን እንኳ አስተካክሎ አልጻፈውም።

እንዲህ ያለውን ፊርማ ብዙዎች እንደ ቀላል የቢሮ ስንፍና ያዩታል። እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። ሕጉን ሳነብ ነው የደነገጥኩት።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኞቹ ስለሥራቸው አደጋና ስለጥንቃቄው በሚገባ እንዲያውቁ የማድረግ፣ የደኅንነት ሠራተኛ የመመደብ፣ የመከላከያ መሣሪያ አቅርቦ አጠቃቀሙን የማስተማር ግዴታ ይጥልበታል። አደጋ ሲደርስ ደግሞ አሠሪው ጥፋት ባይገኝበትም ኃላፊ ነው። ነገር ግን አንድ በር ክፍት ተትቷል፤ ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ላደረሰው ጉዳት አሠሪው አይጠየቅም፣ በግልጽ የተሰጠ የደኅንነት መመሪያን አለማክበርም ከዚሁ ጋር ይቆጠራል። እንግዲህ አስቡት፤ «ማሽኑን ሳታጠፊ እጅሽን አትስደጂ ተብለሽ ፈርመሻል» የሚል ወረቀት በማን ላይ ማስረጃ ሊሆን ነው? የሥልጠና መዝገብ የተበጀው ለእሷ ጣት ነው፤ በሐሰት ሲሞላ ግን ካሳዋን ለመከልከል መከራከሪያ ይሆናል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ሐሰቱም አብሮ መወረሱን የሚነግረን የለም።

ችግሩ የሚጀምረው ከወረቀቱ አሠራር ነው። የእኛ ሀገር የሥልጠና ዝርዝር የመጡትን ያስፈርማል እንጂ ያልመጡትን አይፈልግም። ወሎ ውስጥ ይህን ከፋብሪካ በተሻለ የሚያውቀው ቅሬው፣ ማለትም የቀብር ዕድሩ ነው። የቅሬ ጸሐፊ ሲጀመር የሁሉም አባል ስም በደብተሩ አለው፤ ለቀብር ሲጠራ ዓይኑ የሚሄደው የቀረው ሰው ላይ ነው። ማን ታሞ፣ ማን ሀገር ቤት ወርዶ፣ ማን እንዲሁ ቀርቶ እንደሆነ ለይቶ ይመዘግባል። ለሌላው መፈረም አይታሰብም፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃልና። ሦስት መቶ ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ ይህን ያህል ማድረግ አቃተው ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም። መዝገቡ ከሠራተኞች ስም ይጀምር፤ ከስሙ ጎን የትኛው ማሽን ላይ እንደሚሠራ፣ ለዚያ ማሽን መቼ እንደሠለጠነ፣ መቼ መታደስ እንዳለበት ይጻፍ። ባዶ የሆነው ሣጥን ነው መነበብ ያለበት።

«ለዚያ ማሽን» ያልኩት በዋዛ አይደለም። ኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ፣ ቆዳ፣ ብረታ ብረት፣ ቢራ ሁሉ ያለባት ከተማ ናት። የጥጥ ብናኝ ሳንባ ላይ ምን እንደሚያደርግ የተማረ ሰው፣ የቢራ ማብላያ ጋን ሥር ስለሚተኛው ከአየር የከበደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምንም ላያውቅ ይችላል። አንድ ፋብሪካ ውስጥም ቢሆን ልጅቱ ዛሬ ክር መፍተያው ላይ ናት፣ ነገ ሰው ጎድሎ ሌላ ማሽን ላይ ትቆማለች። መዝገቡ በዓመት አንድ ጊዜ «ሁሉም ሠልጥኗል» ከሚል ይልቅ፣ ፈረቃ ሲለወጥ «ይህች ልጅ ዛሬ እዚህ ማሽን ላይ መቆም ትችላለች ወይ?» ለሚል ጥያቄ መልስ ይስጥ። ስለዚህ ቦታው የሰው ሀብት ክፍል ካቢኔት ሳይሆን የፈረቃ ኃላፊው እጅ ነው። ለሌሊት ተረኞችም ሥልጠናው በሌሊት ይሰጥ፤ አሠልጣኙ እንቅልፍ ያጣ እንደሆነ አንድ ሌሊት ነው።

የቋንቋው ነገር ደግሞ አለ። ከባቲና ከከሚሴ አካባቢ የሚመጡ ብዙ ሠራተኞች አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው። እኔ ያሠለጠንኩት በአማርኛ ነበር፤ ግድግዳው ላይ የማሳየው ጽሑፍ ደግሞ እንግሊዝኛ። አንገት መነቅነቅን መረዳት ብዬ ቆጠርኩት። ዛሬ ቢሆን ማሽኑ አጠገብ ወስጄ «እስቲ አጥፊው፣ አሁን ክሩን አውጪ» እላታለሁ፤ ያደረገችውን አይቼ ከስሟ ጎን የምፈርመው እኔ እሆናለሁ። የአሠልጣኝ ፊርማ የሌለበት መዝገብ አሠልጣኙን ከኃላፊነት ነፃ የሚያወጣ መዝገብ ነው።

አሁን አሁን ይህን ሁሉ በኮምፒውተር የሚያደርጉ ፕሮግራሞች እየተሸጡ ነው። ጊዜው ሲደርስ ያስታውሳሉ፣ ያልሠለጠነውን በቀይ ያሳያሉ። መጥፎ አይደለም። የፈረቃ ኃላፊው ግን ቀዩን አረንጓዴ ለማድረግ አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ከበቃው፣ ድሮ በእስክሪብቶ ይፈጸም የነበረው ውሸት ፈጥኖ ተፈጸመ ማለት ነው። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎችም ሲመጡ ቢሮ ተቀምጠው ፋይል ከሚያገላብጡ፣ ከዝርዝሩ አምስት ስም መርጠው ሠራተኞቹን ማሽናቸው አጠገብ ቢጠይቋቸው እመርጣለሁ።

ሌላው የምከራከርለት፣ የመዝገቡ ቅጂ ለሠራተኛዋ እንዲሰጣት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲገባ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሳይቀር ተዘርፏል፤ በተዘረፈ ቢሮ ውስጥ የሥልጠና ፋይል በቦታው ይቆያል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ጦርነት ባይኖርም ሠራተኛ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይዘዋወራል፤ የተማረውን የሚያሳይ አንዲት ካርድ ኪሱ ውስጥ ቢኖር አዲሱ አሠሪ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

ያቺ ልጅ ቁስሏ ሲድን ሥራ ለቅቃ ሌላ ፋብሪካ ልትቀጠር ሄደች። በኋላ መንገድ ላይ አግኝታኝ ስትነግረኝ፣ የደኅንነት ሥልጠና ወስደሽ ታውቂያለሽ ወይ ብለው ጠይቀዋታል። «አልወሰድኩም አልኳቸው» አለችኝ። ፊርማዋ ያኔም እኛ ካቢኔት ውስጥ ነበር።