ይድረስ ለክቡር ክብ ማኅተም

ቁጥር፦ (ቁጥር የሚሰጡት ሴትዮ ሻይ ወጥተዋል)
ቀን፦ የቀጠሮው ሦስተኛ ቀን
ጉዳዩ፦ ከመሳቢያ ብቅ እንዲሉልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ቀለምዎ አልደረቀም? እጀታዎ አልላላም? እኔ መቀመጫዬ ከመደንዘዙ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ልመናዬ ትንሽ ናት። የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን ፋሲል ግንብ ወስጄ ላስጎበኝ አሰብኩ። የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል ተባለ። ደብዳቤው ተጻፈ። ተፈረመ። ከፊርማው ሥር ቲተር ተመታ። የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ሰኞ ስመጣ እርስዎን የሚይዙት ሰውዬ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ማክሰኞ ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄዱ። ዛሬ ረቡዕ ደግሞ አዘዞ ለቅሶ ናቸው። "ቁልፉስ?" አልኩ። ከሳቸው ጋር ነው። "ትርፍ ቁልፍ የለም?" ልጅቷ እንደ ነውረኛ አየችኝ። "መምህር፣ ማኅተም እኮ ነው!" አለችኝ። አፈርኩ።

የተቀመጥኩበት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት መስኮት አለ። በመስኮቱ የግንቡ ጫፍ ይታየኛል። በባጃጅ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሦስት ቀን ሙሉ ግንቡ እኔን ያያል፣ እኔ ግንቡን አያለሁ። መካከላችን ላይ ከቡና ስኒ አፍ የማትበልጥ ጎማ ቆማለች። ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ ቆመዋል።

ሥራ የፈታ ሰው ነገር ያበዛል። ቦርሳዬ ውስጥ የሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት ማስታወሻ ነበር። ርእሱ "አዳዲስ አገሮች ከነፃነት በኋላ መንግሥት ለማቋቋም ያዩት መከራ" ይላል። እሱን እያገላበጥኩ ስለ እርስዎ ማሰብ ጀመርኩ። የፈረንጁን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛ እጽፍልዎታለሁ።

አንድ አገር ነፃ ሲወጣ መጀመሪያ ባንዲራ ይሰቅላል። ቀጥሎ መዝሙር ያወጣል። ሦስተኛው እርስዎ ነዎት። እርስዎን ለማስቀረጽ ግማሽ ቀን ይበቃል። መከራው የሚመጣው እርስዎን አንስቶ የሚመታ እጅ ሲፈለግ ነው። ልብ ይበሉ፣ እጅ ስል ማንበብ የሚችል፣ ደመወዝ የሚከፈለው፣ የሚያዝዘውን የሚያውቅ፣ ቢታመም የሚተካው እጅ ማለቴ ነው።

ኮንጎን ይውሰዱ። ጁን 30 ቀን 1960 ነፃ ወጣች። ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት። ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ኮንጎአዊ ግን ሠላሳ አይሞላም። በሠራዊቱ ውስጥ አንድም ኮንጎአዊ መኮንን የለም። ገዢዎቿ ቤልጂጎች ለዘመናት ጸሐፊ አሠልጥነዋል፣ ኃላፊ ግን አላሠለጠኑም። ነፃነት በታወጀ በሳምንቱ ወታደሩ "እኛስ? ሹመት የለንም?" ብሎ ማጉረምረም ሲጀምር የሠራዊቱ አዛዥ፣ ቤልጂጉ ጄኔራል ያንሰንስ፣ ወታደሮቹን ሰብስቦ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፈላቸው፦ "ከነፃነት በፊት = ከነፃነት በኋላ"። እኔም ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ሃያ ዓመት ጽፌ እንዲህ በአንድ መስመር አገር ያፈረሰ ሰው አላየሁም። ሠራዊቱ አመፀ። ነፃነቱ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ካታንጋ የምትባለው ግዛቷ ተገነጠልኩ አለች። ነገሩ ከፍቶ የእኛም ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ሥር ሄደው እዚያ ዘመቱ።

ማኅተሙማ ነበር። ማኅተም መቼ ጠፍቶ ያውቃል!

ፓኪስታን ደግሞ አለች። በ1947 ከሕንድ ስትለይ የቢሮው ዕቃ ሳይቀር 80 በ20 ይከፈል ተባለ። ጠረጴዛው፣ ወንበሩ፣ የጽሕፈት መኪናው። እንደ ውርስ ክርክር ይመስላል፤ እህትና ወንድም ድስት ሲቆጥሩ አይተው ያውቁ የለ? አዲሱ መንግሥት ካራቺ ሲገባ ቢሮውም ዕቃውም አይበቃም። ወረቀት የሚያያዝበት ስፒል ጠፍቶ በእሾህ ያያይዙ ነበር ብለው የጻፉ አሉ። እሾህ! እኛ ጋ ስፒል ሞልቷል፣ አብሮት የሚያያዘው ማኅተም የተመታበት ወረቀት ነው የጠፋው። ጊኒ በ1958 ቅኝ ገዢዋን ፈረንሳይን "አሻፈረኝ" ስትል ፈረንሳዮቹ ስልኩንም ፋይሉንም ነቅለው ሄዱ። አምፖል ሳይቀር ፈቱ ይባላል። ሶማሌ በ1960 ሲዋሐድ ሰሜኑ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ ደቡቡ በጣሊያንኛ። የራሳቸው ቋንቋ በመንግሥት የታወቀ ፊደል ያገኘው በ1972 ነው። እስከዚያ እርስዎ ላይ የሚቀረጸው በማን አፍ ይሁን? አስቸጋሪ ነው።

አሜሪካም ቢሆን እንዲህ ባንዲራው እንደሚያስመስለው አልነበረም። አዲሱ መንግሥት ማርች 4 ቀን 1789 ሥራ ይጀምራል ተባለ። ቀኑ ደረሰ። እንደራሴዎቹ አልመጡም። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ፈረሱ ደክሟል፣ የቀረውን እነሱ ያውቃሉ። ሁለቱ ምክር ቤቶች ምልዓተ ጉባኤ የሞላላቸው አፕሪል 6 ቀን ነው። ዋሽንግተን ቃለ መሐላ የፈጸመው በአፕሪል መጨረሻ። ሁለት ወር ሊሞላው ምን ቀረው! እኛ ጋ "ስብሰባ ላይ ናቸው" ይባላል፤ እነሱ ጋ "ስብሰባው ሰው አጣ" ተባለ። ለባለጉዳይ ያው ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ቅኝ አልተገዛንም እንላለን፣ እውነት ነው። ግን የአምስት ዓመቱ ወረራ መንግሥቱን ከነመዝገቡ ነቅሎት ነበር። ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ሳምንት ሳይሞላቸው ሚኒስትሮች ሾሙ። እንግሊዞቹ ቅር አላቸው። ከኢጣሊያ ጋር የሰላም ውል እስኪፈረም አገሩ በእኛ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነው ባዮች ነበሩ። ማለት ክቡር ሆይ፣ ንጉሠ ነገሥቱ አሉ፣ ሚኒስትሩ አለ፣ እርስዎ ግን እንግሊዝ መሳቢያ ውስጥ ነዎት። መሳቢያ የድሮ አመልዎ ነው ለካ!

ቁልፉ የተገኘው በጥር 1934 በተፈረመው ስምምነት ነው። እሱም ግማሹ ነው። አማካሪው እንግሊዛዊ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ድጎማ 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ከእንግሊዝ። መንግሥት የሚቀበለው ገንዘብ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ። ባላገሩ ደግሞ ከማርያ ቴሬዛ ብሩ በቀር ወረቀት አላምንም ብሎ ቁጭ። የራሳችን ብር የወጣው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ነው። አራት ዓመት ሙሉ መንግሥት ነን እያልን በሰው ገንዘብ ስንቆጥር ኖርን።

ጎንደርስ? አዲስ አበባ ሚኒስትር ሲሾም እኛ ገና ጣልያን እጅ ነበርን። ጄኔራል ናሲ እዚሁ መሽጎ ተቀምጧል። ቁልቋል በር ላይ ብዙ ደም ፈስሶ፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው እጅ የሰጠው። ከአዲስ አበባው ሰባት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው መሆኑ ነው። ጣልያን ፒያሳን ሠርቶልን ሄደ፣ ስሟን እንኳን አልቀየርንም። እሷን ለመቀየርማ ማኅተም ያስፈልጋል።

መጋቢት 1934 ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ። በዚያው ዓመት አገሩ በአሥራ ሁለት ጠቅላይ ግዛት ተከፈለ። አገረ ገዢው ከእንግዲህ ደመወዝተኛ ነው፣ ግብሩም በቀጥታ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ይገባል ተባለ። ሲነበብ ቀላል ነው። ሲሠራ አይደለም። ከዚያ በፊት ሹም የሚበላው ከሚገዛው አገር ነበር። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለውን ተረት እኛ ዛሬ የሌባ ተረት እናደርገዋለን። ያኔ የበጀት አሠራር ነበር እኮ! እሱን በአንድ አዋጅ ቁረጥ ማለት የሰውን ጉርሻ ከአፉ መመለስ ነው። ቀሪው ባላገርም ቢሆን ግብሩ አዲስ መልክ ሲይዝ ዝም አላለም፤ ጎጃም ወዲያው ነበር ያመፀ።

ይህን ሁሉ የሚጽፍ፣ የሚመዘግብ፣ የሚቆጥር ሰውስ? ውጭ ተምረው ከተመለሱት ወጣቶች ብዙዎቹ ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ ተረሽነዋል። በዚህ ላይ አልቀልድም። የተረፈው ጥቂት ሰው ነው አንዱ ሦስት ወንበር ላይ ተቀምጦ የሠራው።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ እነዚያ ሁሉ ምክንያት ነበራቸው። እጅ አልነበራቸውም። እዚህ ግን እጅ ሞልቷል። በዚህች ክፍል ውስጥ ብቻ አራት ሰው ቁጭ ብሎ አይቻለሁ፣ አንደኛዋ ጥፍሯን ቀለም ትቀባለች፣ የእርስዎን ቀለም አይደለም። ፋሲል በ1628 ዓ.ም. መናገሻ ካደረጋት ጀምሮ ይህች ከተማ መንግሥት ምን እንደሆነ ታውቃለች። አራት መቶ ዓመት ሊሞላን ነው። ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ያለን ቁልፍ አንድ ነው። እሱም አዘዞ ለቅሶ ላይ ነው።

ደግሞ ነገሩ አዲስ አለመሆኑን መስኮቱ ይነግረኛል። ከ1761 ጀምሮ እስከ 1847 ዓ.ም. ድረስ፣ በዘመነ መሳፍንት፣ እዚያ ግንብ ውስጥ ንጉሥ ይቀመጥ ነበር። ዘውድ አለው፣ ስም አለው፣ ካህናት ይጸልዩለታል። የሚያዝዘው ግን ሌላ ነው፤ በኋላ በኋላ የየጁ ራሶች ደብረ ታቦር ሆነው ነው አገር የሚገዙት። ንጉሡ ራሱ ማኅተም ነበር ማለት ነው። ሲፈለግ ከመሳቢያ ያወጡታል፣ ይመቱበታል፣ ይመልሱታል። አንደኛው፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ደጋግመው ነግሠው ደጋግመው ከመውረዳቸው የተነሣ "ፍጻሜ መንግሥት" የሚል ስም ወጣላቸው። የቋራው ካሳ መጥቶ፣ ደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብሎ ሲነግሥ ነው ማኅተምና እጅ አንድ ሰው ላይ የተገናኙት። እሳቸው የለቅሶ ፈቃድ ይሰጡ እንደነበር አላውቅም።

እርስዎ ግን ብልህ ነዎት። በጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ስንባል ነበሩ። ጎንደር ክፍለ ሀገር ስንባል ነበሩ። ክልል ሦስት ስንባል ነበሩ። ፊትዎ ላይ የነበረው አንበሳ ዘውዱን ተገፈፈ፣ ቆየት ብሎ ራሱም ሄደ። ሰው ሁሉ ሲባረር፣ ሲታሰር፣ ሲሰደድ እርስዎ ፊትዎን ብቻ አስቀርጸው ወደ መሳቢያዎ ተመለሱ። እንደ እርስዎ ግምገማ የማይነካው አላየሁም።

ይህን ስጽፍ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጎንበስ ብለው አዩኝ። ስለ ቤታቸው ካርታ ነው የመጡት፤ ስንተኛ ቀናቸው እንደሆነ ጠይቄ ላሳዝናቸው አልፈለግሁም።

"ምንድን ነው የምትሞነጫጭረው፣ ልጄ?"

"ለማኅተሙ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው፣ እማማ።"

አልሳቁም። ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ጥሩ አደረግህ" አሉኝ። "እኔስ ለደብረ ብርሃን ሥላሴ ጃንጥላ ተስያለሁ። የኔን ጉዳይም ጨምርልኝ፤ ከጻፍክ አይቀር።"

ጨምሬያለሁ። የእማማ ካርታ ከላይ ይደረግልኝ፣ የኔ ግንብ ይቆያል። ግንብ ነው፣ የትም አይሄድም።

አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ ቁልፍ ያንሿሿል። ልቤ ዘሎ ነበር። የበሩ ነው።

ከሰላምታ ጋር፣

የታሪክ መምህሩ
(ፊርማ አለው፤ ከፊርማው በላይ ያለው ባዶ ቦታ ለእርስዎ የተተወ ነው)

ግልባጭ፦
ለመሳቢያው
ለሻይ ቤቱ፣ ለቁጥር ሰጪዋ እንዲደርስ
አዘዞ ለቅሶ ላይ ላሉት ያዥዎ። ነፍስ ይማር ይበሉልኝ፤ ነገ ሣልስት ካለ ግን ቁልፉን በሰው ይላኩልን።