ፖሊስ ላልሆነ ሰው የፖሊስ መብራት ለምን ይገጠምለታል?

አዳማ ውስጥ የግል መኪናቸው ላይ ቀይና ሰማያዊ ብልጭልጭ መብራት አስገጥመው የሚነዱ ሰዎች በዝተዋል፤ ይህን እንደ ተራ ነገር አይቶ ማለፍ ከአቅሜ በላይ ሆኖብኛል። ከፍራንኮ ወደ ፖስታ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ባጃጁና ሚኒባሱ ተጨናንቆ እግረኛ መሻገሪያ ባጣበት ሰዓት፣ ከኋላ ድንገት መብራት ይብለጨለጫል፤ ሳይረንም ይጮኻል። ሁሉም የቻለውን ያህል ወደ ቀኝ ይጠጋል፤ ባጃጆች የእግረኛ መንገዱ ላይ ይወጣሉ፤ ዕቃ ዘርግተው የሚሸጡ እናቶች ዕቃቸውን ሰብስበው ይነሣሉ። ከዚያ በኋላ የሚያልፈው አምቡላንስ ወይም የፖሊስ ፓትሮል ነው ብለን ስንጠብቅ፣ ኮድ 2 ሰሌዳ ያለው፣ መስታወቱ የጠቆረ የግል መኪና በመካከላችን ሰንጥቆ ያልፋል። በሠርግ ሰሞንማ የሙሽራ አጃቢ ሁሉ ሳይረን እያስጮኸ ነው ከተማውን የሚዞረው።

ይህን ስናገር «ምን አለበት፣ ወጣት ነው፣ ጌጥ ነው» የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን አለበት እላለሁ። ቀይና ሰማያዊው መብራት በመንገድ ላይ ትእዛዝ ነው። እሱን ያየ አሽከርካሪ መንገድ የመልቀቅ ግዴታ አለበት፤ ከኋላው ተጠግቶ ሲበራበት ደግሞ ይቆማል፣ መስታወቱን ያወርዳል፣ ሊብሬውንና መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ ይሰጣል። ማንም ሰው እንዲህ ያለ እምነት ለማያውቀው መንገደኛ አይሰጥም። የምንሰጠው መብራቱ የሕግ አስከባሪ ምልክት ነው ብለን ስላመንን ብቻ ነው፤ ስለዚህ መብራቱን ያለ ሥልጣን የሚያበራ ሰው ያላገኘውን ሥልጣን በሰው ላይ እየሠራበት ነው።

መብራቱ የሚገኘውም በድብቅ አይደለም። የመኪና ጌጣጌጥ በሚሸጥባቸው ሱቆች፣ ከወንበር ልብስና ከመሪ ሽፋን ጎን ተሰቅሎ ይታያል። አንድ ቀን የተበላሸ ፍሬቻ ላሠራ ኤሌክትሪሻን ዘንድ ሄጄ ተራ ስጠብቅ፣ ከእኔ በፊት የነበረው ደንበኛ መብራቱን ሲያስገጥም ከአጠገባቸው ቆሜ ተመለከትኩ። ባለሙያው ኮፈኑን ከፈተ፤ ከሁለት ጣት የማይሰፉ ጠፍጣፋ መብራቶችን ከፊተኛው የአየር ማስገቢያ ወንፊት ጀርባ በብሎን አሰራቸው፤ ሽቦውን ከባትሪው አንሥቶ ወደ ውስጥ አሳለፈና ማብሪያ ማጥፊያውን ከመሪው ሥር፣ ጎንበስ ብለው ካልፈለጉት በማይታይ ቦታ ገጠመው። መብራቱ ሲጠፋ መኪናው ከማንኛውም የቤት መኪና አይለይም። ከሥራው ይልቅ ያበገነኝ በመጨረሻ የሰጠው ምክር ነው፦ «ለቦሎ ምርመራ ስትሄድ ይቺን ሶኬት ብቻ ንቀላት፤ ስትመለስ መልሰህ ትሰካታለህ።» ይህ ምክር ሻጩም፣ ገጣሚውም፣ አስገጣሚውም ነገሩ የተከለከለ መሆኑን አሳምረው እንደሚያውቁ ይመሰክራል። ያልተከለከለ ነገር ለምን ይደበቃል?

አሁን ወደ ዋናው ብሶቴ ልግባ። የአክስቴ ልጅ በጅቡቲ መስመር አይሱዙ ያሽከረክራል። ከአዳማ ጭኖ፣ ወለንጪቲን አልፎ ወደ መተሐራ ሲሄድ፣ መንገዱ ጭር ባለበት የሌሊት ሰዓት ከኋላው አንድ ነጭ መኪና ይደርስበትና ቀይና ሰማያዊውን ያበራበታል። እሱም እንደ ማንኛውም ሕግ አክባሪ ሰው ዳር ይዞ ቆመ። ሁለት ሰዎች ወረዱ፤ የደንብ ልብስ አልለበሱም፣ አንደኛው ግን የመገናኛ ሬዲዮ በእጁ ይዟል። «ኮንትሮባንድ ጭነሃል የሚል ጥቆማ ደርሶናል» አሉት። ሊብሬውን ተቀበሉት፣ ስልኩን «ለምርመራ» ብለው ወሰዱ፣ ለነዳጅና ለመንገድ የያዘውን ገንዘብ ቆጥረው በኤግዚቢትነት ያዝነው አሉ፤ ከዚያ «ጣቢያ ድረስ ተከተለን» ብለው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። እሱ ሞተሩን አስነሥቶ ሊከተላቸው ሲዘጋጅ መብራቱን አጥፍተው፣ ዞረው በመጡበት አቅጣጫ ተፈተለኩ። ሊያመለክት ጣቢያ ሲሄድ መጀመሪያ የተጠየቀው «ሰሌዳ ቁጥሩን ይዘሃል?» የሚል ነበር። አልያዘም። እንዴት ይይዛል? መብራቱ በስፖኪዮ በኩል ዓይኑ ላይ እየበራ ከኋላው የቆመውን መኪና ሰሌዳ ማንበብ የሚችል ሰው ካለ ይምጣና ያሳየኝ። ያስቆመው መብራት ራሱ መረጃውንም ሸፈነበት።

ከዚያ ወዲህ በቤተሰባችን ውስጥ አንድ ጥያቄ መልስ አጥቶ ቀርቷል። ሌሊት፣ ሰው በሌለበት መንገድ ላይ፣ ምልክት የሌለው መኪና የፖሊስ መብራት ቢያበራብህ ምን ታደርጋለህ? ብትቆም ወንበዴ ሊሆን ይችላል። ባትቆም ደግሞ እውነተኛ ፖሊስ ሊሆን ይችላል፤ ትእዛዝ ጥሰህ እንዳመለጥክ ተቆጥሮ፣ ከቅጣትም አልፎ ሊተኮስብህ ይችላል። አንዳንዱ ፍጥነትህን ቀንሰህ፣ ፍሬቻ አብርተህ፣ እስከሚቀጥለው ማደያ ወይም ኬላ ድረስ ንዳና ብርሃንና ሰው ባለበት ቁም ይላል። ጥሩ ምክር ነው፤ ነገር ግን ከኋላ ያለው ፖሊስ ምክሩን ካልሰማና ሽሽት ነው ብሎ ካሰበ ውጤቱ ምን እንደሚሆን ማንም ዋስትና አይሰጥም። ሌላው መታወቂያ ጠይቅ ይላል። ልክ ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረው መብት አለው፤ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ ይገባዋል። ግን ብቻውን ጨለማ ውስጥ የቆመ ሹፌር፣ ሁለት ሰዎች በሩን ይዘውበት፣ አንቀጽ ጠቅሶ ሊከራከር ነው? በቀን ብርሃን እንኳ መታወቂያ የጠየቀ ሰው «ትጠራጠረኛለህ እንዴ?» ተብሎ እንደሚገላመጥ ሁላችንም እናውቃለን።

ሕጉ ዝም አላለም። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችን የሌለውን ሥልጣን እንዳለው አስመስሎ በሰው ላይ የሚጠቀምን ሰው ይቀጣል። በዚህ መልክ ሰውን አሳስቶ ንብረቱን የወሰደ በአንቀጽ 692 በአታላይነት ሊከሰስ ይችላል፤ ቅጣቱም እንደ ነገሩ ክብደት እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እሥራት ይደርሳል። አስፈራርቶ ወይም ኃይል ተጠቅሞ የወሰደ ከሆነ ደግሞ ነገሩ በአንቀጽ 670 ውንብድና ሆኖ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያስቀጣል። ስለዚህ የአክስቴን ልጅ የዘረፉት ሰዎች ቢያዙ የሚጠየቁበት ሕግ ሞልቷል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሕጉ ወደ ሥራ የሚገባው ሰው ከተዘረፈ በኋላ መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት መብራቱ ሲሸጥ፣ ሲገጠም፣ በጠራራ ፀሐይ በፖስታ ቤት በኩል ሲበራ፣ የሚያይ ዓይን ሁሉ ወደ ሌላ ይዞራል። ትራፊክ ፖሊሱ ቀበቶ ያላሰረን ሹፌር ያስቆማል፣ ትርፍ የጫነን ሚኒባስ ይቀጣል፤ ይህም ተገቢ ነው። የፖሊስ መብራት ያበራ የግል መኪና ሲመጣ ግን ራሱ ቀድሞ መንገድ ያስለቅቅለታል። «ማን እንደሆነ ምን አውቃለሁ፤ ባለሥልጣን ቢሆንስ?» የሚል ፍርሃት እንዳለ ይገባኛል። ፍርሃቱ ትክክል ከሆነ፣ መብራቱ የሕግ አስከባሪውን ራሱን አታሏል ማለት ነው።

በሌሎች አገሮች ይህንን የተረዱት በከባድ ዋጋ ነው። በካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ በሚባለው ክፍለ ግዛት፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 18 እና 19 ቀን 2020 አንድ ሰው ከአገልግሎት የተሰናበተ የፖሊስ መኪና በመንግሥት ጨረታ ገዝቶ፣ የፖሊሱን ቀለምና ምልክት ለጥፎበት፣ የጣሪያውን መብራትም አሟልቶ 22 ሰዎችን ገደለ። እንደ እውነተኛ ፖሊስ ስለሚታይ ከመንደር መንደር ተንቀሳቀሰ። ከዚህም በላይ የደነቀኝ ሌላው ክፍል ነው፤ ወንጀለኛውን የሚያሳድዱ እውነተኛ ፖሊሶች አንድ የእሳት አደጋ ጣቢያ ደጅ ላይ፣ ከባልደረባቸው የፖሊስ መኪና አጠገብ የቆመን የአደጋ ጊዜ ሠራተኛ እሱ መስሏቸው ተኩስ ከፈቱ፤ ሰው ያልተጎዳው በፈጣሪ ቸርነት ነው። ማለት፣ ምልክቱ በማንም እጅ ሲገባ ፖሊስ ፖሊስን መለየት ያቅተዋል። ክፍለ ግዛቱ በቀጣዩ ዓመት የፖሊስ መለያዎችን ማን መያዝና መሸጥ እንደሚችል የሚወስን ሕግ አወጣ። እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ደግሞ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት አንድ ታጣቂ የፖሊስ መብራት በገጠመለት መኪና ሌሊት ደጃፋቸው ድረስ ሄዶ የምክር ቤት አባሏን ሜሊሳ ሆርትማንንና ባለቤታቸውን ገደለ።

ፍሎሪዳ የተባለችው ግዛት ያላትን አሠራር ስመለከት የእኛ ጉድለት የት እንዳለ ይበልጥ ይታየኛል። እዚያ ፖሊስ መስሎ መቅረብ እስከ አምስት ዓመት እሥራት የሚያደርስ ወንጀል ነው፤ ከዚህ ተለይቶ ግን ሰማያዊ ብልጭልጭ መብራትን ያለ ፈቃድ በግል ተሽከርካሪ ላይ መጠቀም ራሱ፣ ማንም ሳይዘረፍ፣ ማንም ሳይጎዳ፣ ወንጀል ሆኖ ያስከስሳል። እኛ ዘንድ እንዲተገበር የምመኘውም ይኸው ነው። መብራቱ ሲበራ ጥፋቱ ተፈጽሟል ብሎ መጀመር።

የአምቡላንሱን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ሕሊናዬ አይቀበለውም። በየቀኑ በውሸት መብራት መንገድ ለቅቆ የተታለለ ሹፌር ቀስ በቀስ መልቀቁን ይተዋል። ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ፣ ከኋላችን ሳይረን እየጮኸ፣ ረዳቱ ወደ ኋላ ዞር ብሎ «ተወው፣ ባለ ገንዘብ ነው» ሲል ሹፌሩም መሪውን ሳያንቀሳቅስ ሲቀጥል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የዚያን ቀን የመጣው እውነተኛ አምቡላንስ ነበር። በመጨረሻ ጎን ለጎን ሲደርስ በመስታወቱ በኩል ነጭ ጋውን የለበሰች ባለሙያ በአንድ እጇ የጣሪያውን መያዣ ጨብጣ፣ በሌላው የተኛውን ሰው ደግፋ ስትወዛወዝ አየናት። ሹፌሩ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ቢጸጸትም ለዚያ በሽተኛ ያባከነበትን ደቂቃ የሚመልስለት የለም። ሹፌሩን ብቻ መውቀስ አልችልም፤ እንዳያምን ያስተማሩት አሉ።

«እውነተኛ የጸጥታ ሰዎችም እኮ ምልክት በሌለው መኪና ይሄዳሉ» የሚል መልስ ይሰጠኛል። አዎ ይሄዳሉ፣ ለሥራቸው አስፈላጊ የሚሆንበት ጊዜም እንዳለ አልክድም። ሲቪል ለብሶ፣ በሲቪል መኪና፣ በሌሊት ብቸኛ ሹፌርን ማስቆም ግን ለወንበዴው የሚመች ጥላ ይፈጥርለታል። የደንብ ልብስ የለበሰ ባልደረባ ወይም ምልክት ያለው ፓትሮል አብሮ ይቁም፤ መታወቂያ ሳይጠየቅ ይታይ፤ ሹፌሩ ብርሃን ወዳለበት ቦታ ቀስ ብሎ ሲነዳም እንደ ሽሽት እንዳይቆጠርበት በግልጽ ይነገረን። ፖሊስ ለራሱ ክብር ሲል ይህን ቢያደርግ የሚጎዳው አስመሳዩን ብቻ ነው።

ዓመታዊ ምርመራ የሚያደርጉ ባለሙያዎችም ፍሬንና የጭስ መጠን ብቻ አይተው አይሸኙ፤ ኮፈኑን ሲከፍቱ ከወንፊቱ ጀርባ የታሰረውን መብራትና ሶኬቱ የተነቀለ ሽቦ ለማግኘት ደቂቃ አይፈጅባቸውም። ሱቆቹም የሚታወቁ ናቸው፤ ንግድ ፈቃድ አላቸው፣ በራቸው ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ነው። ይህን መብራት ለማን እንደሸጡ የሚጠይቃቸው ሰው እስካሁን ደጃቸውን ሲረግጥ አላየሁም።

ለእናንተ፣ መብራቱን አስገጥማችሁ ለምትነዱት ወንድሞቼም ቃል አለኝ። አብዛኞቻችሁ ዘራፊ እንዳልሆናችሁ አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ጎረቤቶቼ ናችሁ፣ በሠርግና በለቅሶ የምንገናኝ ሰዎች ናችሁ። ወለንጪቲ መንገድ ላይ የአክስቴን ልጅ ያስቆመው መኪና ግን የታመነው የእናንተን መኪና ይመስል ስለነበር ነው። ኤሌክትሪሻኑ ዘንድ ተመለሱና በዚህ ሳምንት አስነቅሉት።