እርማት፦ የኦክስጅን ቫለንሲ 6 አይደለም

ወንድሜ፣ ለተማሪዎች ባዘጋጀኸው ማብራሪያ ላይ «ቫለንሲ ማለት በመጨረሻው ሼል ላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች ብዛት ነው፤ ስለዚህ የኦክስጅን ቫለንሲ 6 ነው» ብለሃል። ይሄ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ልጆቹ ይዘውት እንዳይቀሩ ብዬ ነው የምጽፍልህ።

6 የቫለንስ ኤሌክትሮኖቹ ቁጥር ነው። ቫለንሲው ግን 2 ነው። ውሃን እየው፤ አንድ ኦክስጅን የያዘው ሁለት ሃይድሮጅን ብቻ ነው። ኦክስጅን 8 ኤሌክትሮን አለው፤ 2 በውስጠኛው ሼል (ኤሌክትሮኖች በአተሙ ዙሪያ የሚደረደሩበት ንብርብር)፣ 6 በውጭኛው። የውጭኛው ሼል 8 እንዲሞላ 2 ይጎድለዋል። ቫለንስ ኤሌክትሮን አተሙ በውጭኛው ሼል ላይ ያለው ኤሌክትሮን ነው። ቫለንሲ ደግሞ ከሌላ አተም ጋር ሲጣመር የሚፈጥረው ትስስር ብዛት ነው።

ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። ክፍል ውስጥ ቀድመው ምሳሌ የሚሆኑት ሶዲየም፣ ማግኒዥየምና አሉሚኒየም ናቸው። 1፣ 2፣ 3፤ የቫለንስ ኤሌክትሮኑና የቫለንሲው ቁጥር ይገጥማሉ። ካርቦንም 4 እና 4 ነው። ናይትሮጅን ላይ ስትደርስ ግን ይለያያሉ፦ 5 ቫለንስ ኤሌክትሮን አለው፣ አሞኒያ ውስጥ ቫለንሲው 3 ነው። ኒዮን ደግሞ 8 እና 0።

«ታዲያ ቫለንስ ኤሌክትሮኑን ከ8 መቀነስ ነዋ!» ብለህም እንዳታልፈው። የሰልፈር ቫለንስ ኤሌክትሮን ሁሌም 6 ነው። ቫለንሲው ግን እንደ ውህዱ ይቀያየራል። የተበላሸ እንቁላል በሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ውስጥ 2፣ በሰልፈር ዳይኦክሳይድ 4፣ በሰልፈር ትራይኦክሳይድ 6 ይሆናል። ያቺ 6 ደግሞ ከቫለንስ ኤሌክትሮኑ ጋር ስለምትገጥም እንደገና እንዳታሳስት።

እባክህ ያቺን መስመር ዛሬውኑ አስተካክላት።