ብቁ ብዬ የፈረምኩባት ልጅ

ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንዲት እናት ከሐርቡ ገጠር ተነስታ ኮምቦልቻ እኔ ዘንድ መጣች። ሁለት ሴት ልጆቿን አስከትላለች። ትልቋ ደረጃውን ስትወጣ ሁለት ጊዜ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች። ታናሿ ዘንቢል አንጠልጥላለች፤ ቅቤ ነው። እናትየዋ ገና ሳትቀመጥ፣ «መምህር፣ አላህ ይስጥህ፣ ይችን ደግሞ እንደ እህቷ አሳልፍልኝ» አለችኝ።

እንደ እህቷ!

ወገኖቼ፣ ይህን ቃል ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የምጽፈውም ለዚህ ነው። ለደላላው፣ በሬ ሸጦ ልጁን ለሚሸኝ አባት፣ ማሠልጠኛ ከፍቶ ወረቀት ለሚቸረችር ባለሀብት፣ እያየ ለሚያልፍ ጎረቤት እጽፋለሁ። ከሁላችሁ በፊት ግን መዛኙ እኔ ነበርኩ።

ሥራዬ ወደ ዓረብ ሀገር የሚሄዱ እህቶችን ለሲኦሲ፣ ማለትም ለሙያ ብቃት ምስክር ወረቀት፣ መመዘን ነበር። ትልቋ ልጅ የመጣች ዕለት 22 ሆነው ተሰልፈዋል። ክፍሉ ውስጥ አንድ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለ፤ ውሃ አልተቀጠለለትም። ምድጃው ጋዝ የለውም። ካውያው ገመዱ ተቃጥሎ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ቫክዩም የሚባለውን የአቧራ መሳቢያ ማሽን የሚያውቁት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ሥዕል ነው። ሠልጥነው ነበር? ስማቸው መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ቀኑም ሰዓቱም ተሞልቷል። የማሠልጠኛው ባለቤት በር ላይ ቆሞ፣ «ቪዛቸው ወጥቷል፣ እንዳታጉላላቸው» ይለኛል።

ተራዋ ሲደርስ ሁለት ጠርሙስ አስቀመጥኩላት። አንዱ በረኪና ነው፣ ሁለተኛው የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ። «እነዚህን ምን ታደርጊያቸዋለሽ?» አልኳት። አሸተተቻቸው። አንዱን በረኪና መሆኑን አወቀች። ሁለተኛውን ዝም ብላ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ፈገግ አለች። ልጅ ናት። ፈገግታዋ «እባክህ» ይላል። እኔም ሰዓቴን አየሁ። ከኋላዋ 14 ሰው ቀርቷል። ቅጹ ላይ ሁለት ሣጥን አለ፤ አንዱ «ብቁ» ይላል፣ ሌላው «ገና ብቁ ያልሆነ» ይላል። ብቁ የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ። ሁለቱን አትቀላቅያቸው ለማለት የሚፈጀው ጊዜ አንድ ትንፋሽ ነው። አላልኳትም።

ባሕሬን ሄደች። ሪፋ በሚባለው ከተማ፣ ሦስት ፎቅ ቤት ገባች። በስድስተኛው ሳምንት ማዳሟ የላይኛውን መታጠቢያ ቤት ጥቁረት እንድታስለቅቅ አዘዘቻት። ክፍሉ መስኮት የለውም። በረኪናውን አፈሰሰች፤ አልለቅ ሲላት አሲዱን ጨመረችበት። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፤ ሳንባ ያቃጥላል። ሽታው ጉሮሮዋን ሲይዛት ምን አደረገች መሰላችሁ? በሩን ዘጋችው። ቤት ውስጥ የማዳሟ ሕፃናት ነበሩ፤ ሽታው እንዳይደርስባቸው ብላ ከውስጥ ዘጋችው።

ጎትታ ያወጣቻት የቤቱ ወጥ ሠሪ ፊሊፒናዊት ናት። አፏን በፎጣ ሸፍና ገብታ፣ በብብቷ ይዛ እስከ ደረጃው አወረደቻት። ከዚያ ሁለት ጣቷን አጠጋግታ እያሳየች በዓረብኛ «ሁለቱ አብረው በፍጹም፣ በፍጹም» ትላት ነበር። እንዴት አወቀች? ተምራለች። የሀገሯ መንግሥት እ.አ.አ. በ2006 መጨረሻ ባወጣው ደንብ የቤት ሠራተኛ ሥልጠናዋን ጨርሳ ምስክር ወረቀት ሳትይዝ እንዳትወጣ፣ ከ400 ዶላር ባነሰ ደመወዝም እንዳትቀጠር አድርጓል። እነሱም በሰው ቤት አበሳቸውን ያያሉ፤ አውቃለሁ። ቢያንስ ግን ሀገራቸው ሁለቱን ጠርሙስ አሳይታ ነው የላከቻቸው።

የእኛዋ ልጅ አሥር ቀን ሆስፒታል ተኝታ፣ የአንድ ወር ደመወዟን ይዛ ተመለሰች። በሬው ተሽጧል። ዕዳው አለ። ሳንባዋ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። እንግዲህ እናቷ «እንደ እህቷ» ያለችኝ ይችን ነው።

ስለ ባሕሬን ጥቂት ልበላችሁ። ልጆቻችንን የምንልክባትን ሀገር እንኳ አናውቃትም፤ ሁሉንም «ዓረብ ሀገር» ብለን በአንድ ከረጢት እንከታለን። ባሕሬን ትንንሾቹ ሲቆጠሩ ከ30 በላይ ደሴቶች ናት፤ ሁሉም ተደምረው አዲስ አበባን አንድ ተኩል ጊዜ ቢያህሉ ነው። ሕዝቧ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን ከግማሽ በላዩ የውጭ ሰው ነው። ድሮ ከባሕር ሉል እያወጡ ይኖሩ ነበር፤ ነዳጅ ያገኙት እ.አ.አ. በ1932 ነው። ነዳጃቸው እንደ ጎረቤቶቻቸው የተትረፈረፈ ስላልሆነ የገዛ ልጆቻቸው ምን ይሠራሉ የሚለው ጭንቀት ቀድሞ ገባቸው። እ.አ.አ. በ2006 ሁለት መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። አንዱ የሥራ ገበያውን ይቆጣጠራል፤ ለውጭ ሠራተኛ ፈቃድ ይሰጣል፣ ከቀጣሪውም ክፍያ ይሰበስባል። ሁለተኛው «ታምኪን» ይባላል። ከዚያ ክፍያ 80 በመቶው ለታምኪን እንዲሄድ በሕግ ተደነገገ፤ ታምኪንም በገንዘቡ የሀገሩን ወጣት ያሠለጥናል፣ ለጀማሪ ነጋዴ ድጋፍ ይሰጣል። በባዕድ ጉልበት ላይ በጣሉት ክፍያ የራሳቸውን ልጅ ያስተምራሉ ማለት ነው።

ታምኪን በዓረብኛ ማብቃት ማለት ነው። እኔ ብቁ የሚለው ላይ ምልክት ሳደርግ እነሱ ያበቁ ነበር።

ሠራተኛዋን ከአሠሪዋ ጋር ስለሚያስረው «ከፋላ» ስለሚባለው ሥርዓታቸው ብዙ የሚባል አለ፤ እ.አ.አ. በ2012 የወጣው የሥራ ሕጋቸው ለቤት ሠራተኛ የሰጣት ጥቂት አንቀጽ ብቻ ነው፣ የሥራ ሰዓቷንም አልገደበላትም። እሱን በሌላ ቀን በነሱ ላይ እጮኻለሁ። ዛሬ ግን የምጮኸው በእኛ ላይ ነው። እኛም እኮ ሕግ አልጎደለንም። በ2006 ዓ.ም. መንግሥት ጉዞውን አገደ፤ ልጆቹ በየመን በረሃ በኩል ሄዱ። እገዳው በ2010 ዓ.ም. ተነሳ። በመካከሉ አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጣ፤ 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀች፣ የሙያ ብቃት ምስክር ወረቀት የያዘች ትሂድ አለ። መልካም አዋጅ ነበር። ምን አደረግነው? የ8ኛ ክፍሉን ወረቀት ከአንዱ ገዛን፣ የብቃቱን ከሌላው። ልጅቷ 4ኛ ክፍል ላይ ያቋረጠች ናት። ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ደላላው ያውቃል፣ አባቷ ያውቃል፣ እኔም ስትጽፍ አይቼ አውቄያለሁ። ማንም አልተናገረም፤ የተናገረ ሰው የድሃ እንጀራ እንደዘጋ ይቆጠራላ!

እናንት አባቶች፣ በሬ ስትገዙ ጥርሱን ፈልቅቃችሁ ታያላችሁ፣ ጠምዳችሁ ትፈትኑታላችሁ። ልጃችሁን ለማታውቁት ቤት ስትሰጡ ግን «ምን ተማርሽ? እስቲ አሳይኝ» ብላችሁ አንድ ቀን ጠየቃችሁ? አንተ ማሠልጠኛ ከፋች፣ የጋዝ ሲሊንደር ማስሞላት ያን ያህል ከበደህ? ውሃ ለማሽኑ መቀጠል? እኔስ ብሆን፣ የልጅ አባት ሆኜ፣ ሰዓቴን አየሁ!

አንድ ነገር ልጨምርና ከዚያ በላይ አልችልም። እናትየዋ ቅቤውን ይዛ የመጣች ዕለት ትልቋን፣ «ጠርሙሱ ላይ ምን ተጽፎ ነበር?» አልኳት። «ፊደሉን አነበብኩት፣ ትርጉሙ ግን አልገባኝም» አለችኝ። ቁርኣን ቀርታ የጨረሰች ልጅ ናት! የዓረብኛ ፊደል ከእኔ በላይ ታውቃለች። መመዘኛ ክፍል ውስጥ ይህን አልጠየቅኳትም። የጎደላት አንድ ቃል ነበር፤ ኸጠር፣ አደጋ ማለት ነው። ያንን ቃል የሚነግራት ሰው ጠፋ። ፊደሉን ይዛ ሄዳ፣ አንብባው፣ አፈሰሰችው።

የምዘናውን ሥራ ትቻለሁ። ትቻለሁ ማለቴ ማንንም አያድንም፤ በእኔ ቦታ ሌላ ተቀምጧል፣ ሣጥኑም ያው ነው። ቅቤውን መለስኩ። እናትየዋ አለቀሰች፤ ቅቤው ያነሰኝ መስሏት፣ «እጨምራለሁ» አለችኝ። ታናሿን አትሂጂ ልላት አልቻልኩም። ዕዳው የእህቷ ነው፤ እሷ ልትከፍለው ቆርጣለች። ከሄደች ግን ባዶዋን አትሄድም አልኩ።

አሁን ከሰኞ እስከ ዓርብ ከቀትር በኋላ እኔ ቤት ትመጣለች። ጎረቤቶቼም ሁለት ሴት ልጆች ጨምረው ልከዋል። ባለቤቴ ካውያና ምድጃ ታሳያቸዋለች፤ እኔ ከሱቅ የለቃቀምኳቸውን ባዶ ጠርሙሶች እደረድራለሁ። ትልቋ እህት በር አጠገብ፣ አየር ከሚገባበት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ታናሿ በዓረብኛው በኩል አዙራ ጣቷን እያስከተለች ታነባለች፤ ስትሳሳት እህቷ ታርማታለች። ከማሳሉ ተርፎ ድምፅ ሲወጣላት።

ትናንት ሦስተኛው ጠርሙስ ላይ ደረሱ። ታናሿ አነበበችና አስቀመጠችው፣ በእግሯም ከሌላው ገፋ አደረገችው።

«ምን ይላል?» አለቻት እህቷ።

«ኸጠር» አለች።